ለ40 ዓመት ያልበራ ፒዲፒ-8/ኢ፦ ሶኬቱን ልሰካ ወይስ ልጠብቅ?

ስለ አንድ የድሮ ኮምፒውተር የተከፈተው ይህ የመድረካችን ክር (ውይይት) 26 መልስ ላይ ደርሷል። አዲስ የሚገባ ሰው ከላይ ሳያነብ መጨረሻው ላይ ይጠይቃል፤ ያው መልስ ይደገማል፤ ከዚያ ጭቅጭቅ ይነሳል። ስለዚህ የተባለውን ሁሉ በራሴ አገላለጽ በተራ በተራው አስቀምጫለሁ። የመድረኩ አስተባባሪ ብሆንም አቋሜን አልደብቅም። የምወደው ነገር ነውና። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

መነሻ ጥያቄ

ጠያቂው ሜሪላንድ የሚኖር ወንድማችን ነው። ጎረቤቱ የነበሩ መሐንዲስ አርፈው ልጆቻቸው ቤቱን ለመሸጥ ሲያጸዱ፣ ጋራዡ ጥግ ሸራ የለበሰ ትልቅ ብረት ነገር ያገኛሉ። ሲገልጡት ፒዲፒ-8/ኢ ሚኒኮምፒውተር ነው። አብሮት አርኬ05 የዲስክ ድራይቭና ኤኤስአር-33 ቴሌታይፕ (ከኮምፒውተሩ ጋር የሚገናኝ የጽሕፈት መኪና) አለ። ለሚያነሳ ሰው ገንዘብ ከምንከፍል ብለው በነጻ ሰጡት። ከ1980ዎቹ አጋማሽ ወዲህ በርቶ እንደማያውቅ ነግረውታል። ሦስት ጎረምሶች ይዞ ወደ ራሱ ጋራዥ አስገባው። ቁልፉ የለም። የፊት ሰሌዳው ላይ ያሉት ማብሪያዎች ግን አንድም አልተሰበረም። ጥያቄው አጭር ነበር፦ ሰክቼ ልሞክረው?

መልስ 1

እንኳን ደስ አለህ ብሎ ጀመረና እባክህ እንዳትሰካው ብሎ ጨረሰ። ለምን እንደሆነ አላብራራም። ግን ትክክል ነው።

መልስ 2

አዲስ አበባ ቴሌቪዥን የሚጠግን ልጅ ነው። እነሱ ሱቅ የማያውቁት ዕቃ ሲመጣ መጀመሪያ ከአምፖል ጋር በተከታታይ አገናኝተው እንደሚሞክሩት ነገረን። ዕቃው ውስጥ ሾርት ካለ አምፖሉ ቦግ ብሎ ይበራል፤ ዕቃው ግን አይቃጠልም። ጤነኛ ከሆነ አምፖሉ ትንሽ ብልጭ ብሎ ይደበዝዛል። የ100 ዋት አምፖል ይበቃል አለ። ብዙ ሰው ወደደለት። እኔም ወድጄዋለሁ፤ በርካሽ ዋጋ ብዙ ዕቃ የሚያድን ዘዴ ነው።

መልስ 3

የዚህ ክር ምርጡ መልስ ይህ ይመስለኛል። ጸሐፊው ቦስተን አካባቢ የሚኖር የኃይል መሐንዲስ ነው። የመልስ 2ን ሐሳብ አክብሮ ተቀበለና ከዚያ በፊት የሚቀድም ሥራ አለ አለ። ቦርዶቹ በሙሉ ይውጡ። ከመውጣታቸው በፊት ግን ፎቶ ይነሱ። የትኛው ቦርድ የትኛው ማስገቢያ ላይ እንደነበር በወረቀት ቴፕ ይጻፍባቸው። ከላይ የሚያገናኟቸው ትንንሽ ማገናኛዎችም ቦታቸው ይመዝገብ። የኃይል አቅርቦቱ ለብቻው፣ ያለ ቦርድ ይሞከር።

ከዚያ ወደ ካፓሲተሮቹ ገባ። ይህ ማሽን የሚሠራው በትልቅ ትራንስፎርመርና የጣሳ ያህል በሆኑ ኤሌክትሮላይቲክ ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ አጠራቃሚዎች) ነው። የካፓሲተሩ ሥራ የተያዘው በአሉሚኒየሙ ላይ ባለው በጣም ስስ የኦክሳይድ ሽፋን ነው። ለዓመታት ኤሌክትሪክ ሳያገኝ ሲቀር ሽፋኑ ይሳሳል። በድንገት ሙሉ ቮልቴጅ ከተሰጠው ብዙ ከረንት ያፈሳል፤ ይሞቃል፤ አንዳንዴም ይፈነዳል። መፍትሔው ካፓሲተሩን ነቅሎ ከረንት በሚገድብ ሬዚስተር በኩል ቮልቴጁን ቀስ በቀስ ማሳደግ ነው። ሽፋኑ ራሱን መልሶ ይሠራል። የሚያፈሰው ከረንት ካልወረደ ያ ካፓሲተር አልቆለታልና ይቀየር።

አንድ ማስጠንቀቂያም ጨመረ። ቮልቴጅን ቀስ እያሉ ማሳደግ የሚሠራው እንዲህ ላለው የትራንስፎርመር ዓይነት ነው። በስዊቺንግ (ኤሌክትሪኩን በፍጥነት እየቆራረጠ) የሚሠራ የኃይል አቅርቦት ግቤቱ ሲያንስበት ይበልጥ ከረንት ይስባልና ለእሱ አይሆንም።

መልስ 4 እና 5

አራተኛው ሁሉንም ካፓሲተር አውጥተህ ጣልና አዲስ ግጠም ባይ ነው። ጊዜ ማባከን ምን ያደርጋል ይላል። አምስተኛው ተቆጣ። እንዲህ እየተባለ ነው ዋናውን አካል የያዘ ማሽን የጠፋው አለ።

እኔ ከአምስተኛው ጋር ነኝ፤ ቁጣውን ግን አልጋራም። ተፈትሾ የወደቀው ይቀየር፤ ያለፈው ይቆይ። የወጣው ዕቃም በከረጢት ተደርጎ፣ ከየት እንደወጣና መቼ እንደወጣ ተጽፎበት ከማሽኑ ጋር ይቀመጥ። ከእኛ በኋላ የሚረከበው ሰው ምን እንደነካን ማወቅ አለበት።

አራተኛው ሌላም ነገር ብሎ ነበር፤ ካፓሲተሩን በካቻቪቴ ሾርት አድርጎ ማራገፍ። ይህን ማንም እንዳይሞክር። ብረቱ ይቀልጣል፤ ዓይን ያጠፋል። ማራገፍ በሬዚስተር ነው፤ ከዚያም በቴስተር ማረጋገጥ።

መልስ 6

እዚህ ላይ አንድ ታላቃችን ገቡ። ሁላችንም ጋሼ እያልን ነው የምንጠራቸው። በ1970ዎቹ አሜሪካ ተማሪ ሳሉ የዩኒቨርሲቲው ላቦራቶሪ ውስጥ ይችው ማሽን ነበረች። ጠዋት ጠዋት የማስነሻውን ፕሮግራም በፊት ሰሌዳው ማብሪያዎች በእጅ ማስገባት የእሳቸው ሥራ ነበር። አድራሻውን በ12ቱ ማብሪያዎች አስተካክሎ አንድ መጫን፤ ከዚያ ቁጥሩን አስተካክሎ ሌላውን ማንሳት፤ እንዲህ እያሉ እስከ መጨረሻው። ከዚያ በኋላ ነው ቴሌታይፑ የተበሳውን የወረቀት ጥቅልል የሚያነበው። በሰከንድ 10 ፊደል ነው፤ ረጅም ፕሮግራም ሲሆን ቡና ጠጥተው ይመለሱ ነበር። ቁጥሮቹን ዛሬም በቃላቸው እንደሚያውቁ ጻፉ። ያን ጊዜ ብዙዎቻችን እንደ ትዝታ ብቻ አነበብነው። በኋላ ግን ዋና ጉዳይ ሆነ።

መልስ 7 እና 8

ሰባተኛው ይህ ሜይንፍሬም (ክፍል የሚሞላ ትልቅ ኮምፒውተር) ስለሆነ ቤት ውስጥ አይሠራም አለ። ስምንተኛው በጨዋነት አረመው። ሚኒኮምፒውተር የተባለው ከሜይንፍሬም ስለሚያንስ ነው። የሠራው ዲጂታል ኢኩዊፕመንት ኮርፖሬሽን፣ በአጭሩ ዴክ፣ በ1957 በኬን ኦልሰንና በሃርላን አንደርሰን ተቋቁሞ ማሳቹሴትስ ሜይናርድ ውስጥ አሮጌ የሱፍ ፋብሪካ ሕንፃ ተከራይቶ ሥራ ጀመረ። የመጀመሪያው ፒዲፒ-8 በ1965 ሲወጣ 18,000 ዶላር ነበር። ዛሬ ውድ ይመስላል፤ ያኔ ግን አንድ ላቦራቶሪ ወይም አንድ አነስተኛ ፋብሪካ የራሱን ኮምፒውተር ሊገዛ ቻለ። ከዚያ በፊት ሥራህን ለኮምፒውተር ማዕከል አስረክበህ ወረፋ ትጠብቅ ነበር። 8/ኢ የወጣው በ1970 ነው። የሚሠራውም በግድግዳ ሶኬት ነው፤ ልዩ ክፍል አይፈልግም።

መልስ 9፣ 10 እና 11

ዘጠነኛው የቦርዶቹ ጫፍ በወርቅ የተለበጠ ስለሆነ ቆርጦ መሸጥ ያዋጣል አለ። አሥረኛው ብዙ ተናገረ፤ እዚህ የማልደግመው ቃል ነበረበት። አሥራ አንደኛው እኔ ነኝ፤ ስድቡን ሰረዝኩ። የዘጠነኛውን መልስ ግን አልሰረዝኩም። የሚናገረው እውነት ስለሆነ ነው። ስንት ቦርድ በዚህ ምክንያት ጠፍቷል። ከአንድ ቦርድ ጫፍ የሚገኘው ወርቅ ትንሽ ነው፤ ቦርዱን ለሚፈልግ ሰው ግን ምትክ የለውም። ቁርጥራጭ ብረት ከሚሰበስቡ ሰዎች ጋር ቀድሞ መተዋወቅ፣ ከወርቁ ዋጋ የተሻለ እንደምንከፍል መንገር ይጠቅማል። ስድብ ማንንም አላሳመነም።

መልስ 12 እና 13

ጠያቂው ተመለሰ። ቦርዶቹን አውጥቷል፤ ፎቶዎቹንም ለጥፏል። ቁልፍ ሰሪ ጠርቼ የፊት ሰሌዳውን መቆለፊያ ላስበሳ ወይ ብሎ ጠየቀ። አሥራ ሦስተኛው ሳይውል ሳያድር መለሰለት። ዴክ ለእነዚህ ማሽኖች የተጠቀመው አንድ ዓይነት ቁልፍ ነው፤ ቁጥሩ ኤክስኤክስ2247 ነው። የሌላው የዴክ ማሽን፣ የፒዲፒ-11ም ቁልፍ ያው ነው። ቅጂው በኢንተርኔት ይሸጣል። መቆለፊያው ከመበሳት ተረፈ።

መልስ 14

ይህም የእኔ ነው። ፎቶዎቹን ሳይ አንድ ነገር አሳሰበኝ። ሦስት ቦርዶች ተደራርበው ተያይዘዋል፤ ኮር ሜሞሪው ነው። መሃሉ ላይ በስስ ሽቦ የተሰፉ፣ ዓይን በደንብ የማይለያቸው የፌራይት ቀለበቶች አሉ። 4096 ቃል (ማሽኑ በአንድ ጊዜ የሚያነበው ቁጥር ቃል ይባላል)፣ እያንዳንዱ ቃል 12 ቢት፤ ስለዚህ 49,152 ቀለበት። እያንዳንዱ ቀለበት በማግኔትነቱ አቅጣጫ አንድ ወይም ዜሮ ይይዛል። ኤሌክትሪክ ቢጠፋም አይረሳም። ስለዚህ እኚያ መሐንዲስ ለመጨረሻ ጊዜ ያስኬዱት ፕሮግራም ቀለበቶቹ ላይ እስከ ዛሬ ሊኖር ይችላል።

ችግሩ ማሽን የሚጠግን ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው የሜሞሪ መፈተሻ ማስኬድ መሆኑ ነው። መፈተሻው ደግሞ በሁሉም ቦታ ላይ አዲስ ቁጥር ይጽፋል። ስለዚህ ያለውን ሳናነብ ምንም ነገር አንጻፍበት አልኩ። ቀለበቶቹንም በአልኮልም ሆነ በብሩሽ እንዳይነካ ለመንኩት።

መልስ 15

አንድ ሰው ጠንከር አድርጎ መለሰልኝ፤ ያለ ምንም መግቢያ። ኮር ሜሞሪ ሲነበብ እንደሚጠፋ ማወቅ ነበረብህ አለ። በእርግጥም አሠራሩ እንደዚያ ነው። ቀለበቱ ምን እንደያዘ የሚታወቀው ወደ ዜሮ በማዞር ነው፤ ሲዞር ምልክት ከሰጠ አንድ ነበር ማለት ነው። ወዲያው ማሽኑ ያነበበውን መልሶ ይጽፈዋል። መልሶ የሚጽፈው ክፍል ከታመመ እያነበብክ ታጠፋለህ። ስለዚህ አንብብ ማለት ብቻውን ምክር አይደለም ሲል ደመደመ። አነጋገሩ ይሻክራል፤ ነጥቡ ግን ወርቅ ነው።

መልስ 16

መልስ 3ን የጻፈው መሐንዲስ ተመለሰና ሁለታችንንም አስማማን። ኮሩ በመደርደሪያ ይቆይ። ኃይል አቅርቦቱ ይስተካከል፤ 5 ቮልት፣ ፖዘቲቭ 15 እና ኔጋቲቭ 15 ጭነት ተደርጎባቸው ይለኩ፤ በኦሲሎስኮፕ ንዝረታቸው ይታይ። ከዚያ ማዕከላዊ ክፍሉ ያለ ኮር ይፈተሽ። ከዚያ ሌላ ሰው ጋ ያለ የኮር ቦርድ ተውሶ ማንበብና መጻፉ ይረጋገጥ። በመጨረሻ ብቻ የእኚያ ሰውዬ ኮር ይግባ። የተዋሰው ኮር በራሱ ቦርዶች ስለሚሠራ የዚህኛውን ኮር ጤንነት እንደማያረጋግጥ አልሸሸገም። ግን የቀረውን ማሽን ከተጠያቂነት ያወጣል። የስዕል ማኑዋሎቹ ቢትሴቨርስ በተባለው የድሮ ኮምፒውተር ሰነዶች ድረ ገጽ ላይ ስካን ተደርገው በነጻ ይገኛሉና ቁጥሮቹ ከዚያ ይወሰዱ አለ።

ኒው ጀርሲ ያለ አባል ኮሩን በውሰት ላከለት። እግዚአብሔር ይስጠው።

መልስ 17፣ 18 እና 19

እዚህ ክሩ ከመስመር ወጣ። አሥራ ሰባተኛው ይህ ሁሉ ድካም ለምን ብሎ ጠየቀ። ሲምኤች የተባለው ሲሙሌተር ይህን ማሽን ላፕቶፕ ላይ ያስኬደዋል። ኦስካር ፈርሞይለን የሠራው ፒዲፒ-8 የሚመስል ኪትም አለ፤ ከኋላው ራስፕቤሪ ፓይ የተባለ ትንሽ ኮምፒውተር ተገጥሞ መብራቱ እንደ ጥንቱ ብልጭ ይላል። ሁለቱም ግሩም ሥራ ነው፤ እኔም ኪቱ አለኝ።

አሥራ ስምንተኛው ደግሞ ሲያትል የነበረውን፣ የማይክሮሶፍት መሥራች የፖል አለንን የኮምፒውተር ሙዚየም አነሳ። በ2012 ለሕዝብ ተከፈተ። ጎብኚ ራሱ ቁጭ ብሎ አሮጌ ማሽን የሚነካበት ቦታ ነበር። በ2020 ተዘጋ፤ በ2024 ደግሞ ጨርሶ እንደማይከፈት ተነግሮ ዕቃው በጨረታ ወጣ። ቢሊየነር የቆመለት ሙዚየም እንኳን ከተዘጋ ብረቱን ማን ይጠብቃል ነው ጥያቄው። አሥራ ዘጠነኛው በዚያው ስለ ጨረታ ዋጋ ረጅም ሐተታ ጀመረ። ወደ ሌላ ክር አዛውሬዋለሁ።

ለአሥራ ሰባተኛው የምለው አንድ ነው። ሲሙሌተሩ የሚያስኬደው ያስረከብነውን ፕሮግራም ነው። በቀለበት ላይ የቀረውን ሊያነብልን አይችልም።

መልስ 20

ጀርመን የሚኖር አባል ስለ ዲስኩና ስለ ቴሌታይፑ ጻፈ። አርኬ05 ዲስኩ 14 ኢንች ስፋት አለው፤ የሚይዘው 2.5 ሜጋባይት ነው፤ በደቂቃ 1500 ጊዜ ይዞራል። የማንበቢያው ክፍል ከዲስኩ በላይ በአየር ላይ ተንሳፍፎ የሚሠራ ስለሆነ አቧራ ጠላቱ ነው። ውስጡ ያለው ስፖንጅ በዕድሜ ብዛት ይፈረፈርና አቧራው እዚያው ዲስኩ ላይ ይወርዳል። ኤሌክትሪክ ድንገት ሲጠፋ የማንበቢያውን ክፍል ከዲስኩ ላይ የሚያነሳለት ባትሪም አለ፤ እሱ ደግሞ ያፈሳል። ስለዚህ ስፖንጁ ሳይወጣ፣ ባትሪው ሳይነሳ አይሞከር። በቴሌታይፑ በኩል የመምቻው ጎማ ወደ ሙጫነት ይቀየራል፤ አዲስ መግጠም ነው።

አገር ቤት ወይም አውሮፓ ሊወስድ ለሚያስብም አንድ ነገር አከለ። ትራንስፎርመር ገዝቶ 220ን ወደ 110 ማውረድ አይበቃም። የቴሌታይፑና የዲስኩ ሞተር ፍጥነት የሚወሰነው በ50 ወይም በ60 ኸርዝ ነው። ጥርሱ ወይም ፑሊው ካልተቀየረ ቴሌታይፑ ፊደል ያበላሻል።

መልስ 21 እና 22

ጠያቂው ሪፖርት ይዞ መጣ። አንድ ካፓሲተር ወድቋል፤ ቀይሮታል። ቮልቴጆቹ ደህና ናቸው። በውሰት ኮሩ ማሽኑ ጽፎ አነበበ። ከዚያ ኮሩን መለሰና የሰውየውን ኮር አስገባ። አድራሻ አስገብቶ ማንበቢያውን ሲጫን መብራቶቹ ቁጥር አሳዩ። ዜሮ ብቻ አይደለም። ያንኑ ቦታ ደጋግሞ ሲያነብ ያው ቁጥር መጣ፤ መልሶ የሚጽፈው ክፍል ጤነኛ ነው ማለት ነው። ከመጨረሻው አካባቢ ያየውን ለጠፈልን። ቁጥሮቹ በኦክታል፣ ማለትም ከ0 እስከ 7 ባሉ አሃዞች ብቻ የተጻፉ ናቸው። 7756 ላይ 6032፣ 7757 ላይ 6031፣ 7760 ላይ 5357።

መልስ 23

ጋሼ ወዲያው አወቁት። በየጠዋቱ በእጃቸው ያስገቡት የነበረው የማስነሻ ፕሮግራም ነው። 6032 የቴሌታይፑን ምልክት ያጸዳል። 6031 ፊደል ደርሷል ወይ ብሎ ይጠይቃል። 5357 ካልደረሰ ወደ 7757 ተመለስ ይላል። ቀሪዎቹንም እስከ 7776 ድረስ ከራሳቸው ጻፉ፤ 17 ቃል ነው። ጠያቂው አንድ በአንድ አመሳከረ፤ ሁሉም ገጠመ። እኔ ስክሪኑ ፊት ቆሜ አነበብኩት። መቀመጥ አልቻልኩም።

መልስ 24

መልስ 15ን የጻፈው ያ ሻካራ ሰው የክሩን ብልህ ሐሳብ አመጣ። 4096 ቃል በእጅ እያነበቡ መገልበጥ ስህተት ያመጣል። በተከታታይ ወደብ (ሲሪያል ፖርት) ወደ ላፕቶፕ የሚልክ ፕሮግራም ግን የሆነ ቦታ መጻፍ አለበት፤ የጻፍንበት ቦታ ደግሞ ይጠፋል። እንግዲያው ይዘቱን በሙሉ የምናውቀው ቦታ ላይ እንጻፍ አለ። ያ ቦታ የማስነሻው 17 ቃል ነው። 15 ቃል የምትፈጅ ፕሮግራም ጽፎ ለጠፈ። እያንዳንዱን ቃል ለሁለት ከፍላ ትልካለች። የአድራሻ ቆጣሪው ከ7777 ወደ 0 ሲዞር ራሷ ትቆማለች።

መልስ 25

አንድ ሰው በቴሌታይፑ ፍጥነት መቼ ያልቃል ብሎ ተጠራጠረ። ስሌቱ ቀላል ነው። 4096 ቃል ለሁለት ሲከፈል 8192 ፊደል ነው፤ በሰከንድ 10 ከተላከ 14 ደቂቃ አይሞላም።

መልስ 26

ጠያቂው ሁለት ጊዜ ላከው፤ ሁለቱ ፋይሎች አንድ ሆኑ። እዚሁ ክር ላይ ተያይዟል። ከ0200 የሚጀምር ፕሮግራም አለ፤ ብዙ ሰው ፕሮግራሙን የሚያስጀምረው ከዚያ ነበር። ሁለት ሁለት ፊደል በአንድ ቃል ታጭቆ የተጻፈ ጽሑፍም አለ፤ እስካሁን የተፈታው የመለኪያ ሰንጠረዥ ርእስ ይመስላል። የሰውየው ልጆችም እየተከታተሉ ነው፤ የመጨረሻው ቅጂ ይላክላቸዋል።

ሜሞሪው በ128 ቃል ገጽ ሲከፈል 32 ገጽ ነው። ጋሼ የመጀመሪያዎቹን አራት ይዘዋል፤ መልስ 3 እና መልስ 24 ስድስት ስድስት ወስደዋል፤ እኔ የመጨረሻዎቹን አራት። 12 ገጽ ይቀራል። የፒዲፒ-8 ትእዛዞች ስምንት መሠረታዊ ዓይነት ብቻ ናቸው፤ ቶሎ ይለመዳሉ። መውሰድ የምትፈልጉ የገጹን ቁጥር ከታች ጻፉ፤ ሁለት ሰው አንድ ገጽ እንዳይዝ።